አንድ ጋቢ ለሦስት ትከሻ

በአንድ ወቅት፣ የመብራት እንጨቱ ተተክሎ መብራቱ ግን ገና መንገድ ላይ ሳለ፣ ምንጭ አፋፍ በምትባል ቀበሌ ታደገ የሚባሉ ሸማኔ ይኖሩ ነበር። ሚስታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፣ ወርቅአንጥፉ ትባላለች፤ ሰፈሩ ግን ወርቄ ነው የሚላት። የወርቄ ባል የጭነት መኪና ረዳት ስለሆነ ወር ሙሉ መንገድ ላይ ነው። እንግዲህ ቤት ውስጥ ያሉት ሦስት ናቸው፤ አባ ታደገ፣ ወርቄ፣ እና ጥርስ ልታወጣ ድዷን የሚበላት ልጇ ሶስና።

ይቺ ሶስና እንቅልፍ ጠላቷ ነው። እናቷ ብታዝላት፣ ብታባብላት፣ እሹሩሩ ብትላት፣ ወይ ፍንክች። አያቷ ግን ክንዳቸው ላይ አጋድመው የድሩን ክር እየቆጠሩ በጆሮዋ ሲያንሾካሹኩላት አርባ ሳይደርሱ ትተኛለች። ወርቄ እየሳቀች፣ «ዘጠኝ ወር የተሸከምኩሽ እኔ፣ የምትሰሚው እሳቸውን» ትላት ነበር። ልጅቷ አያቷ ክንድ ላይ ስትሆን ነው እናትየው ልብስ የምታጥበው፣ ውሃ የምትቀዳው፣ ጎኗን የምታሳርፈው።

በዚያ አገር ግን አንድ የሚፈራ ነገር ነበር። አንዳንዱ ሰው ሲያረጅ መርሳት ይጀምረዋል። ሁሉም ሽማግሌ እንደሚያደርገው ምርኩዙን የት እንዳስቀመጠ መርሳት አይደለም። መጀመሪያ ስም ይጠፋዋል፣ ቀጥሎ የቤቱ መንገድ፣ በመጨረሻም ጉርሻ እንዴት እንደሚዋጥ። የወርቄ አጎት፣ የአባቷ ታላቅ ወንድም፣ በዚህ ነው የሞቱት። ሕመማቸው ገና ሳይታወቅ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ወንዝ ወረዱ፤ ልጁን ድንጋይ ላይ አስቀመጡት፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ባዷቸውን ወደ ቤት ተመለሱ። ልጁን ልብስ አጣቢዎች አገኙት፣ ተረፈ፤ አሁን ጎረምሳ ሆኖ ያርሳል። ወርቄ ግን ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። የአጎቷ ሚስት «ልጁስ?» ብለው የጠየቁበት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዋ አልወጣም።

ይህን በሽታ የሚመራመሩ አንዲት ሴት ነበሩ፣ ዶክተር ፀዳለ ይባላሉ። ያደጉት ከተማ ነው። በተመረቁ ዕለት እናታቸው እቅፍ አበባ ይዘው መጡና አጠገባቸው ለቆመችው ልጅ ሰጧት። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ የኔ ልጅ» ብለው ሳሟት። ዶክተር ፀዳለ ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሙያ አላማራቸውም። ባሕር ማዶ ተሻግረው ተማሩ፤ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው የሰው አንጎል ሲያዩ ስንት ዓመት አለፈ። የታመመ አንጎል ሕዋሱ ውስጥ ክር የመሰለ ነገር ይተበተብበታል፣ ሕዋሶቹም አንድ በአንድ ይሞታሉ። እሳቸው ማወቅ የፈለጉት፣ ሰው ገና መርሳት ሳይጀምር ደሙ ላይ የሚታይ ምልክት አለ ወይ ነው። ካለ ቀድሞ ይታወቃል፤ መድኃኒት የሚፈልጉትም ከየት እንደሚጀምሩ ያውቃሉ።

ለዚህ ብለው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከምንጭ አፋፍ አረጋውያን መጠይቅና ደም ያስመጣሉ። መጠይቁ ማን እንደታመመ፣ ማን ደህና እንደሆነ ይለያል። ደሙ ደግሞ ከተማ ይመረመራል። ደሙ ግን አልናገር አለ። ታመመ የተባለው ሰው ደሙ ንጹሕ ይሆናል፤ አንዱ ላይ ምልክት ይታያል፣ አራቱ ላይ የለም። ምን ልበላችሁ፣ ዶክተሯ በዚሁ ሸበቱ።

መጠይቁን ይዞ ቤት ለቤት የሚዞረው ደምሰው ነው። ቁጥብ ሰው ነው፤ በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ያን ቀን ሲጫወት ዋለ ይባላል። አንድ ቀን በቅሎውን በር ላይ አስሮ አባ ታደገ ዘንድ ገባ። አባ ታደገ እንደ ሸማኔ ደንብ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው እየሸመኑ ነው።

«አባ ታደገ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ጊዮርጊስ ነዋ።»

«ቁጥሩን ይንገሩኝ።»

«ጊዮርጊስ ስንት ቀን እንደሚውል አጥተኸው ነው? ክርስትና አልተነሣህም እንዴ?»

ወረቀቱ፣ ቁጥር ካልተናገረ ዜሮ አድርግ ይላል። ደምሰው ዜሮ አደረገ።

«አሁን ያለነው ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?»

አባ ታደገ ጣሪያውን አዩ፣ እግራቸውን አዩ። «አንተን አላውቅም። እኔ እንኳ ከመሬት በታች ነኝ።»

ዜሮ።

«ሰዓት ይሣሉልኝ።»

እርሳሱን ተቀብለው አንድ ዋርካ ሣሉ፣ ከዋርካው በላይ ደግሞ ፀሐይ። ዜሮ።

«ከመቶ ጀምረው ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩ።»

«ተው እንጂ ደምሰው። ሸማኔ ክር ሲቆጥር ይጨምራል እንጂ ይቀንሳል? ድሬን ልታስጨርሰኝ ነው።»

ወርቄ በሩ ላይ ቆማ ትስቅ ነበር። ከወር በኋላ ግን ያው ደምሰው ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጥቶ ሰጣት። የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሉን እየለቀመች አነበበችው። «የመርሳት በሽታ ታይቶባቸዋል። ብቻቸውን እንዳይተዉ» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሦስቴም ያው ነው።

ያን ቀን ሶስናን ከአያቷ ክንድ ወሰደቻት። ወረቀቱን አነበበችላቸው፣ ከዚያ ልጅቷን አዘለቻት። አባ ታደገ አልተቆጡም። «ወንድሜም አልታወቀውም ነበር» አሉና መወርወሪያውን አነሡ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ቤት አልሆነም። ወርቄ ልጇን አዝላ ታጥባለች፣ አዝላ ትቀዳለች፣ አዝላ ተኚ ብትባል ትተኛ ነበር። መቀስ ደበቀች። አባቷ ቤተክርስቲያን ሲሄዱ ከኋላ ከኋላቸው ትከተላለች። አንድ ቀን ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ጓሮ ስወጣም ልትከተይኝ ነው?» አሏት። ሳቀች፤ ቤት ገብታ ግን አለቀሰች። ሶስና እንደሆነች ወደ ጉድጓዱ እጇን እየዘረጋች ትጮሃለች። ክፋቱ፣ አባ ታደገ ራሳቸውን መጠራጠር ጀመሩ። የቆጠሩትን ድር ደግመው ይቆጥሩታል። ልክ ነው። ይሁን እንጂ እንደገና ይቆጥሩታል።

እንግዲህ አሁን ሦስቱን ሰዎች ስሙኝ።

የመጀመሪያዋ እማማ ንጋቷ ናቸው፣ የወርቄ ጎረቤት። ፊደል አልቆጠሩም፣ ምላሳቸው ግን ስለት ነው። ስድስት ወር አልፎ ደም የሚሰጥበት ጊዜ ደረሰ፣ አረጋውያኑም ጤና ኬላ ተሰበሰቡ፤ ከመርፌው በፊት ደምሰው መጠይቁን ይጠይቃል። የእማማ ንጋቷ ተራ ሆነ።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አላቸው ደምሰው።

«አቦ ነው።»

ደምሰው ጻፈ። እሳቸው አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ይሄ እንቁላል ምንድነው?»

«ዜሮ ነው፣ እማማ።»

«ምን ማለት ነው?»

«አያውቁም ማለት ነው።»

«የተናገርኩትን ጻፍ።»

«ቦታ የለውም።»

«ወረቀቱ ከጠበበው እኔ ምን አደረግሁ? አቦ ብዬህ እንቁላል ከጻፍክ፣ የረሳሁት እኔ አይደለሁም።»

ክንዳቸውን ከመርፌው ሰበሰቡ፤ ሄደው የጤና ኬላው ደጃፍ ላይ ተዘርፍጠው ተቀመጡ። የተናገሩት ሳይጻፍ ደም አልሰጥም አሉ። ሰልፍ ላይ የነበሩት እርስ በርስ ተያዩና እየመጡ አጠገባቸው ተቀመጡ። ነርሷ ለመነቻቸው። የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ ተቆጣቸው። «ቁጣህን እዚያው ያዘው፤ እትብትህን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አሉት እማማ ንጋቷ፣ ሰዉም ሳቀበት። ሦስት ቀን ሥራ ቆመ። ከመጀመሪያው ዓመት ወዲህ ምንጭ አፋፍን ያልረገጡት ዶክተር ፀዳለ ራሳቸው መምጣት ግድ ሆነባቸው።

ዶክተሯ መሬት ላይ ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። «እማማ፣ ዛሬ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ሥላሴ ነው።»

ስልካቸውን አውጥተው ቀኑን አዩ። ሰባት ይላል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሥላሴ በሰባት እንደሚውል ያውቃሉ፤ ቢሯቸው የሚደርሰው ግን ዜሮ ብቻ ስለነበር ዜሮው ምን እንደደበቀ ጠይቀው አያውቁም። ፊታቸው ተለወጠ። «እንዲህ የመለሰ ስንት ሰው ነው?» አሉ። ማን ይወቅ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወረቀቱ የያዘው ዜሮ ነው።

ሁለተኛው ደምሰው ነው። ተነሥቶ ቤቱ ሄደ፤ በበቅሎው ላይ አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ጭኖ ተመለሰ። ጆንያው ውስጥ አሥራ አንድ ደብተር አለ። ከየቤቱ ሲወጣ በቅሎዋ እስክታርፍ ዛፍ ሥር ይቀመጥና ሰው የተናገረውን ቃል በቃል ይጽፍ ነበር። ከተማ ያለው አለቃው በመጀመሪያው ዓመት፣ «ከሳጥኑ ውጪ የተጻፈ ነገር ካየሁ ትሰናበታለህ» ብሎት ስለነበር ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ደብተሩ ላይ ጻፈ። ዶክተሯ አንዱን ገለጡ። እንዲህ ይላል፦ «ታደገ ወልዴ። ሰዓት ይሣሉ ሲባሉ ፀሐይን ከዋርካው በላይ ሣሉ። ወጥቼ አየሁ። ፀሐይዋ እዚያው ናት።»

«ለምን ጻፍከው?» አሉት።

«ሰው የተናገረውን መጣል ከበደኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

ደምሰው ባዶውን ጆንያ አጠፈ። «የጠየቀኝ የለም።»

ወርቄ ከሕዝቡ መሀል ቆማ ይህን ስትሰማ፣ ሰውየውን ልታቅፈው ይሁን ልትመታው አላወቀችም። ማኅተም ያለበትን ወረቀት በእጁ የሰጣት እሱ አይደል?

ሦስተኛዋ ዶክተር ፀዳለ ናቸው። በሳምንቱ ከተማ ላይ ትልቅ ስብሰባ ነበራቸው፤ የአንጎል ምርምር ማዕከል ኃላፊ ሆነው ሊሾሙ ነው። ሹመቱ የመጣው በነዚያ አሥራ አንድ ዓመታት ሥራ ነው። ዝም ብለው የሚቀጥለውን ዓመት መጠይቅ ማስተካከል ይችሉ ነበር፤ የሚነቃባቸው አንድ ሰው የለም። እሳቸው ግን መድረክ ላይ ወጥተው፣ «አሥራ አንድ ዓመት የጻፍኩትን አትመኑ። ሰዎቹ መልሰው ነበር፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ» አሉ። ወንበሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እሳቸው ሻንጣቸውን ይዘው ምንጭ አፋፍ ተመለሱ፣ ጤና ኬላው ጓሮ አንዲት ክፍል ውስጥ አልጋ ዘረጉ።

ከአረጋውያኑ ጋር ቁጭ ብለው አዲስ መጠይቅ አወጡ። ዛሬ ማን ነው? ከትናንት ወዲያስ ማን ነበር? ዘንድሮ መጀመሪያ የተዳረችው የማን ልጅ ናት? ወፍጮ ቤት ለመሄድ ስንት ውሃ ትሻገራላችሁ? ከዚያ ደብተሩን በአንድ እጃቸው፣ አዲሱን መጠይቅ በሌላው ይዘው፣ ታመሙ የተባሉትን አርባ ሰባት ሰዎች በየቤታቸው እንደገና ጠየቁ። ሁለት ወቅት ፈጀባቸው። ሠላሳ ስምንቱ ጤነኛ ሆነው ተገኙ። ዘጠኙ በእውነት ታመዋል። ዶክተሯ ግን ዳግም እንዳይሳሳቱ ደሙ እስኪመሰክር ለማንም አልነገሩም፤ ወርቄም እስከዚያ ልጇን ከጀርባዋ አላወረደችም።

ታማሚው ከጤነኛው ሲለይ ታዲያ ደሙ ተናገረ። ምልክቱ ዘጠኙም ላይ አለ፤ ከሠላሳ ስምንቱ አንዱም ላይ የለም። ያን ሁሉ ዓመት የፈለጉት ነገር እጃቸው ላይ ነበር ለካ፣ ከጤነኛ ሰው ጋር ተደባልቆ ነው እንጂ። ውጤቱ የመጣ ዕለት ዶክተር ፀዳለ ጤና ኬላው ግቢ ውስጥ ነጠላቸውን ታጥቀው እስክስታ ወረዱ። እማማ ንጋቷ ቆመው አዩና፣ «ትከሻሽ አልታዘዝ ብሎሻል፣ ልጄ። ግዴለም፣ ልብሽ ይጨፍራል» አሏቸው።

ከግቢው ወጥተው በቀጥታ የሄዱት ወርቄ ቤት ነው።

«አባትሽ ደህና ናቸው» አሏት። «ድሮም ደህና ነበሩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ወርቄ አንቀልባውን ፈታች፣ ሶስናን አወረደች፣ ወደ ጉድጓዱ ሄዳ ለአባቷ ዘረጋቻት። አባ ታደገ ወዲያው አልተቀበሏትም። ልጃቸውን ቀና ብለው አዩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ጠብታለች?»

«ጠብታለች።»

ያን ጊዜ ተቀበሏት። «ከብደሻል አንቺ» አሏትና መቁጠር ጀመሩ። ወርቄ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አብራቸው በልቧ ቆጠረች። ሠላሳ ስድስት ላይ ልጅቷ ተኛች። እናቷም እዚያው ግድግዳውን ተደግፋ፣ ከዓመት በላይ ያላገኘችውን እንቅልፍ ተኛች።

ምንጭ አፋፍ ድግስ ደገሰ። ዘጠኙ ታማሚዎች ከነልጆቻቸው ፊት ፊት ተቀመጡ፤ መድኃኒቱ ገና ነው፣ ግን ልጆቻቸው ምን እንደሚጠብቃቸው አውቀዋል፣ ነርሷም በየሳምንቱ ትጠይቃቸዋለች። ሠላሳ ስምንቱማ ዳግም እንደተወለደ ሰው ሆኑ። አንዱ ሽማግሌ ብቻ አኮረፉ፤ «እኔስ ተመችቶኝ ነበር። ሚስቴ ይረሳዋል ብላ ምንም አታዘኝም ነበር» አሉ። ሚስታቸው ከሴቶቹ መሀል፣ «ከነገ ጀምሮ እንጨቱን ፍለጥ» አሏቸው።

በዚህ መሀል አባ ታደገ አንድ ጋቢ ይዘው መጡ። ከዳር እስከ ዳር ጥለቱ ከአባታቸው የተማሩት ነው፤ ለዓይን የሚያስቸግር፣ በዕድሜ አንዴ የሚሠራ ሥራ። «ሌላ አልደግምም፣ ዓይኔ አይችልም» አሉ። ከዚያ ለወርቄ ሰጧት። «ልጅሽን መልሰሽ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። እንድትሰጪኝ ያደረገሽን ሰው የምታውቂው አንቺ ነሽ። አልብሺልኝ።»

ሕዝቡ ተንጫጫ።

አንዱ፣ «ለእማማ ንጋቷ ነው እንጂ። እሳቸው ደጃፍ ላይ ባይቀመጡ ዛሬም እንቁላሉ ይፈለፈል ነበር» አለ።

«እሳቸው የተቀመጡት ለራሳቸው ክብር ነው» አለች አንዷ። «ስለ አባ ታደገ አንድ ቃል ተናግረዋል?»

«አልተናገርኩም» አሉ እማማ ንጋቷ። «ስለራሴ ነው የተናገርኩት። ስለራሱ የተናገረ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና ጋቢውን ይውሰድ። ደግሞ ብርዱም የኔን አጥንት ነው የሚያውቀው።»

ሌላው ተነሣ። «ለደምሰው ነው። ቁጣማ ሁሉም ይቆጣል። ደብተሩ ባይኖር ቁጣው ምን ያደርግ ነበር? ማን ጤነኛ እንደሆነ በምን ይታወቅ ነበር?»

«አሥራ አንድ ዓመት እያወቀ ዝም ያለ ሰው ይለብሳል?» አለ ጎረቤቱ። «ሰው ቤቱ ውስጥ ሲያለቅስ እሱ ዛፍ ሥር ይጽፍ ነበር።»

ደምሰው እግሩን ያያል። በበቅሎው ገመድ ይጫወታል።

«ለዶክተሯ ነው» አለች ነርሷ። «ሌላ ሰው ቢሆን ሹመቱን ተቀብሎ ይቀመጥ ነበር። ወንበር ጥለው መጥተው የሁላችሁንም ደጅ የረገጡ እሳቸው ናቸው።»

«ስህተቱስ የማን ነበር?» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር። «ሰው የሰበረውን ስለጠገነ ይሸለማል?»

ዶክተር ፀዳለ፣ «ልክ ነው፣ ለኔ አይገባም» አሉ።

«እንዲህ ብሎ ነው የሚለመነው» አሉ እማማ ንጋቷ፣ ሁሉም ሳቀ፣ ዶክተሯም ሳቁ።

ወርቄ ጋቢውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ሦስቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የተናገሩት ሴት ለራሳቸው ነው የተናገሩት፤ የጻፈው ሰው ዝም ብሎ ነው የጻፈው፤ ያስተካከሉት ሴት ራሳቸው ያጠፉትን ነው ያስተካከሉት። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ግን ሶስና ዛሬም የምትውለው እናቷ ጀርባ ላይ ነበር። ወርቄ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች፣ ቆመች። ኋላዋን ዞር ብላ አየች፤ ልጇ አያቷ ክንድ ላይ አፏን ከፍታ ተኝታለች።

ጋቢው አንድ ነው፣ ትከሻው ሦስት። እናንተ በወርቄ ቦታ ብትሆኑ ማንን ታለብሱ ነበር?